ማርሽ ስንት ይሁን?

ደብረ ማርቆስ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለድረስ፣

ደብዳቤ ስጽፍልህ «ይድረስ ለድረስ» ማለቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል። አባትህ ይህን ስም ሲያወጣልህ ኑሮህ በፖስታ የሚሆን አልመሰለውም ነበር። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ያ ዳገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረበት አገርህስ እንዴት ነው? እኔ ከአንድ ጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። እህቴ አመተ ሥላሴም ደህና ናት፤ ጾሟንም፣ ጸሎቷንም፣ እኔን መቆጣጠሯንም አላጓደለችም።

ደብዳቤ የመረጥሁት ስልክ ጠልቼ አይደለም። በስልክ ሳወራ አመተ ሥላሴ ከጎኔ ቁጭ ብላ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። የዛሬው ጥያቄዬ ደግሞ እሷ ጆሮ እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ መልስህን በፖስታ ሣጥኔ ላክልኝ፣ እባክህ አትደውል። ደግሞ እንዳትደነግጥ፣ ብር አልጠይቅህም። ሠላሳ ሦስት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁበት ጡረታ አለኝ። ሳልጠይቅህ የላክህ እንደሆነ እቀየምሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ብስክሌት መግዛት ይፈልጋል። ለውድድር አይደለም፤ ለመናፈስ፣ ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ ያህል ነው። አንተ አካውንቲንግ ተምረህ እዚያ ብስክሌት ጠጋኝ የሆንህ ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ምነው?» ሲል ሥራ ክቡር ነው ብዬ የተሟገትሁልህ እኔ ነኝ። እንግዲህ ውለታዬን መልስ።

ሰውየው ስድሳ ሊሞላው አንድ ፈሪ ጉዳይ ነው። ቁመቱ አጭር ነው። ሁልጊዜ ቀሚስ ይለብሳል፣ ነጠላም ያጣፋል። ጉልበቱን ስለሚያመው ሐኪሙ «ብዙ አይራመዱ፣ ብዙም አይቀመጡ» ብሎታል፤ ይህን እንቆቅልሽ ከብስክሌት በቀር የሚፈታው አላገኘም። የማርቆስን አቀበትና ቁልቁለት አንተ ታውቀዋለህ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ነገር ስለሆነ አስበህበት መልስልኝ።

አንተስ ምን አዲስ ነገር አለ? አምስት ዓመት ሙሉ «አዲስ ነገር የለም» እያልህ ትጽፋለህ። አምስት ዓመት አዲስ ነገር የማይገኝበት አገር እንዴት ያለ አገር ነው?

አክስትህ ማንጠግቦሽ

ኡትሬክት፣ ሆላንድ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በጣም ለምወድሽ ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ጠፍጣፋ አገር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓባይ በረሃን ወጥቶ ይድረስሽ። አንቺ «አክስትህ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ እኔ ግን ያሳደገችኝን እቴቴ እንጂ አክስቴ ማለት አልችልም። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሰውየው ማን እንደሆኑ ገብቶኛል። ስድሳ የተጠጉ፣ ቀሚስ የሚለብሱ፣ ነጠላ የሚያጣፉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱ! የንስሐ አባታችን ናቸዋ! እትዬ አመተ ሥላሴ እንዳትሰማ ያልሽበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ካህን በሳይክል ሲሄድ ካየች ሱባዔ ትገባለች። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል፣ ምስጢሩንም እጠብቃለሁ።

እንግዲህ ለአባታችን የሚሆነው ይህ ነው። ቀሚስ ስለሚለብሱ በመካከሉ ብረት የተጋደመበት ሳይክል አይሆናቸውም፤ እግራቸውን ብዙም ሳያነሡ የሚገቡበት፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ይሁን። እዚህ አገር የሴት ሳይክል ይሉታል፤ ይህን ግን ለእሳቸው እንዳትነግሪያቸው። ሰንሰለቱ መሸፈኛ ይኑረው፤ የነጠላ ጫፍ የገባበት እንደሆነ ሰውየውን ነው ጎትቶ የሚያወርደው። ኮርቻው ላይ ሲቀመጡ የሁለቱም እግራቸው ጣት መሬት ይንካ።

ዋናው ነገር ግን ማርሽ ነው። ማርሽ ስንት ይሁን? ይህን ሳትነግሪኝ ምንም ማለት አልችልም። ሃያ አንድ የሚሉ አሉ፣ ጉራ ነው፣ ማን ይጨርሰዋል? አንድ ብቻ ደግሞ ለማርቆስ ሰው አይሆንም። እኔን ከጠየቅሽኝ ሰባት ይበቃኛል። ከሰባት ባያንስ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ቀጥሎ ፍሬን። እቴቴ፣ ስለ ፍሬን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ሁሉ ስለ ሌላው ነገር ያወራና ፍሬን ይረሳል፤ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ነው የሚያስታውሰው። ፍሬን ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው የሚያዘው፣ በድንገት የያዙት እንደሆነ ይጥላል።

ስትገዙ ከአብዱልቃኒ ሱቅ ይሁን፤ ሌላ ጋ እንዳትሄዱ። ታማኝ ነጋዴ ነው። ስሜን ንገሪው። እንዴት እንዳወቅኩት ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ከዚህ ውጭ አዲስ ነገር የለም።

ልጅሽ ድረስ

ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቅኔው ለድረስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለአሳደገችህም ትንሽ ይትረፋት። ደብዳቤህ ደርሶኝ አንድ ጊዜ እንደ ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ እንደ መሪጌታ ልጅ አነበብሁት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ሰሙን የሰማ ግማሹን ሰማ» ይል ነበር።

«ማርሽ ስንት ይሁን? ሰባት ይበቃኛል፤ ከሰባት ባያንስ ደስ ይለኛል።» አይ ልጄ! ማር አማረኝ ማለት አፍረህ በቅኔ ለመንኸኝ? ሰሙ ብስክሌት፣ ወርቁ ማር! ያን ቀን ማታ ለብቻዬ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ አመተ ሥላሴ «ምን ሆንሽ?» እስክትል ድረስ። ከአያትህ የተረፈ ነገር በደምህ ውስጥ መኖሩ አስደሰተኝ። «አንድ ብቻ አይሆንም» ማለትህ ትንሽ ድፍረት ነው፤ ሃያ አንዱን ጉራ ነው ብለህ መተውህን ግን አመስግኛለሁ። ሮብ ገበያ ድረስ ሄጄ ከዘመዳችን ከየሺዋስ ቀፎ ሰባት ኪሎ ነጭ ማር በጀሪካን አስሞልቻለሁ። ባንክ ቤት የሚሠራው አምደሚካኤል ከገና በኋላ ለሥልጠና ወደዚያው አገር ስለሚሄድ እሱ ያደርስልሃል።

ስለ ፍሬን የጻፍኸውን ግን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብሁት። «ስለ ፍሬን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለህ። «ሰው ፍሬን ይረሳል» ትላለህ። ፍሬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ይህኛውን ቅኔ እኔ አልፈታውም፣ አንተው ፍታው።

በነገራችን ላይ በደብዳቤህ ጀርባ ላይ በቀይ እርሳስ ሁለት ትልልቅ ክቦች ተስለዋል፤ ከአንዱ ክብ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ነገር ወጥቷል። ምንድን ነው?

ካህኑን በሚመለከት፣ ካህኑ እኔ ነኝ። አዎ፣ ሳቅ። አባትህ በልጅነታችን በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት ይዞ ሲመጣ ከኋላው እየሮጥሁ የምገፋው እኔ ነበርሁ። ተራዬ ሲደርስ «ሴት ልጅ አትወጣም» ይሉና ሰዓቱ ያልቃል። የእኔ ሰዓት እስካሁን አልደረሰም፤ በዚህ ጉልበት ደግሞ ብዙ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።

አብዱልቃኒ ሱቅ ሄጄ ስምህን ብጠራ ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ሻይ አዘዘልኝ። «ለዘመድ ዋጋ አይነገርም» አለኝ። ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ሦስት ብስክሌት አሳየኝ። አንዱ ጥቁር፣ ረጅም፣ በመካከሉ ብረት ያለው፣ እንደ በሬ የሚከብድ ነው። ሁለተኛው ጎማው ወፍራም፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው፣ በላዩ ሃያ አንድ ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሦስተኛው አረንጓዴ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ከፊቱ ቅርጫት ያለው ነው። ልቤ ወደ አረንጓዴው ሄዷል፣ ግን ፍሬኑ ላስቲክ ብቻ ነው፤ የባለ ሃያ አንዱ እንደ ሳሕን ያለ ብረት አለው። የትኛው ይሻላል?

ካህኗ አክስትህ ማንጠግቦሽ

ኡትሬክት
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴቴ፣ ለመጀመሪያዋ ባለ ሳይክል ካህን፣

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ከሳቄ ስነሣ መሆኑ ነው። ሥራ ቦታ ደብዳቤሽን ሳነብ መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

አምደሚካኤል መጥቶ ነበር። ማሩ ማርቆስ እያለ በብርዱ ረግቶ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር ክዳኑ ላይ ብዙም አልተጨነቀም። ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ግን ማሩ ቀለጠ። ሻንጣው ውስጥ ለሥልጠናው የተሰፋ አዲስ ሙሉ ልብስ ነበረው፤ ማሩ እሱንም አጣጥሞ፣ ኮሌታውን ልሶ፣ ክራቫቱን ጨርሶ ነው እዚህ የደረሰው። ምስኪን ሦስት ቀን የእኔን ሱሪ ለብሶ ሠለጠነ። እኔ የደረሰኝ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ልብሱን ስናጥብ የወጣውን አልቆጠርኩም።

አሁን እቴቴ፣ ሳታዝኚ ስሚኝ። ማርሽ ያልኩት የአንቺን ማር አይደለም። ማርሽ የሳይክሉ ጥርስ ነው፤ ሰንሰለቱ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚዘልበት፣ አቀበት ላይ የሚያቀልልሽ፣ ሜዳ ላይ የሚያፈጥንሽ። መኪና ላይም ማርሽ ይባላል፣ ሰምተሽ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ሰባት ኪሎ ማር አይወጣሽም ነበር።

ፍሬንም እንደዚያው ነው፤ የሚያቆመው መያዣ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ወርቅ የለበትም። ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ላስቲኩ የጎማውን ብረት ከሁለት በኩል ጨምቆ የሚይዝ፣ ሁለተኛው እንደ ሳሕን ያለ ብረት የሚነክስ፣ ሦስተኛው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነው። ሦስተኛው ለዚህ ለጠፍጣፋው አገር እንጂ ለቁልቁለት ብቻውን አይታመንም። ሳሕኑ ጠንካራ ነው፣ ሲበላሽ ግን ማርቆስ ውስጥ ማን ይሠራዋል? ላስቲኩን ማንም ይቀይረዋል። አረንጓዴውን ያዢ።

ከመግዛትሽ በፊት እንዲህ አድርጊ። የፊቱን ፍሬን ጨብጠሽ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፊው፤ ጎማው ሳይዞር ከተንሸራተተ ደህና ነው፣ ከዞረ ግን አትውሰጂው። የኋላውንም እንዲሁ። ከዚያ የኋላ ጎማውን አንሥተሽ ፔዳሉን እያዞርሽ ማርሹን ከአንድ እስከ መጨረሻው ቀይሪ፤ ሰንሰለቱ ካጉረመረመ አብዱልቃኒ ያስተካክለው። ስትነጂ አቀበቱ ሳይጀምር ቀይሪ፤ አቀበቱ ላይ ደርሰሽ እየታገልሽ አትቀይሪ። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ ብለሽ ያዢ።

ቀዮቹ ክቦች ጎማ ናቸው። ለደንበኛ ሳስረዳ የሳልኩት ነው። ፀጉር የመሰለሽም የጎማው ሽቦ ነው።

አዲስ ነገር የለም። ትንሽ ብር ብልክ በእውነት ትቀየሚያለሽ?

ልጅሽ ድረስ

ደብረ ማርቆስ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለድረስ፣

ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል? እኔ በምላሴ ይዤው በእግሬ ፈታሁት፤ ከዚህ በታች ትረዳዋለህ።

የአምደሚካኤልን ሙሉ ልብስ ሰፊ ቤት ሄጄ አዲስ አሰፍቼ ከፍዬለታለሁ፤ ይኸውልህ የቅኔ ዕዳ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ማሩ አይደለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ተማሪ «ከሚገባው በላይ አትተርጉም» እያልሁ ቀይ እስክሪብቶ ስጨርስ ኖሬ፣ ማርሽ የሚለውን ቃል በየመኪናው እየሰማሁ፣ እኔው መሳሳቴ ነው።

አረንጓዴውን ገዛሁ። እንዳልኸው ፍሬኑን ጨብጬ ገፋሁት፣ ጎማውን አንሥቼ ማርሹን ቀያየርሁት። ሰባት ነው። አብዱልቃኒ «ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎ?» ብሎ ሳቀ። ካለው ዋጋ ላይ ቀንሶ አዲስ የፍሬን ላስቲክ ጨመረልኝ። ብስክሌቱን ቤት ማስገባት ስላልቻልሁ ከእነ አብዱልቃኒ ግቢ ነው የሚያድረው።

መንዳት የምማረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው፤ የአብዱልቃኒ ሚስት ረሺዳ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ታስተምረኛለች። እሷም ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ መንዳት አትችልም፣ ግን ማዘዝ ትችላለች። «ፊትዎን ወደ ፊት! መሬቱን አይዩት፣ አይሸሽዎትም!» ትለኛለች። ለአመተ ሥላሴ ኪዳን ልደርስ ነው ብዬ ነው የምወጣው። በዐቢይ ጾም መዋሸቴን ንስሐ እገባበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ልልመደው።

ባለፈው ሐሙስ ረሺዳ ሳትነግረኝ ኮርቻውን ለቀቀችው። ሃያ ርምጃ ያህል ለብቻዬ ነዳሁ። ድረስ፣ ሃያ ርምጃ! ነፋሱ ነጠላዬን ሲያነሣው እንደ ልጅ ጮህሁ። ከዚያ ከፊቴ የጭድ ክምር አየሁና ደንግጬ የፊቱን ብቻ ጨበጥሁት። ፍሬን በድንገት የያዙት እንደሆነ ይጥላል ያልኸው ልክ ነው፤ ክምሩ ውስጥ በጭንቅላቴ ገባሁ። ረሺዳ እየሮጠች መጥታ እኔን ማንሣት ትታ በሳቅ ተቀመጠች። ሳቋ መሐል አንድ ነገር አመለጣትና አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ፍሬኑ ዕድሜው ስንት ሆነ?

መልስህን እጠብቃለሁ። ስለ ላስቲክ እንዳትጽፍልኝ።

ማንጠግቦሽ

ኡትሬክት
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእቴቴ፣

አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል። ስሟ ሂዊ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ከአንድ ወር በላይ ሆኖኛል። ስምንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዱ ላይ ስለ ላስቲክ ጽፌ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እናቷ ቀድሪያ ትባላለች፤ የአብዱልቃኒ የእህት ልጅ ናት። ከእኔ ቀድማ ነው እዚህ የመጣችው። የተገናኘነው ሳይክሏ ፍሬን እምቢ ብሏት ሱቃችን ስትመጣ ነው። ጠግኜ ስሰጣት አገሯን ጠየቅኳት፤ ማርቆስ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ፍሬኗ ይበላሽ ጀመር። ተጋብተናል፤ በማዘጋጃ ቤት ነው። እሷ በሃይማኖቷ አለች፣ እኔም በሃይማኖቴ። ልጃችንን ሂዊ ያልናት ለሁለቱም ቤት ይሆናል ብለን ነው።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። የመሪጌታ የልጅ ልጅ እንዲህ አደረገ ሲባል አንገትሽን የምትደፊ መሰለኝ። ሳገባ ልጅ ሊወለድ ነውና ያኔ እነግራታለሁ አልኩ። ስትወለድ ክርስትናስ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ትንሽ ትደግና አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ ከሁሉ የባሰው ጥፋት ሆነ፣ እሱን የማስረዳበት ቃል አጣሁ። ቁጣሽን አልፈራም፣ ለምጄዋለሁ። ዝም ትይኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት። ወላጆቼን ካጣሁ በኋላ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ዝም ካልሽኝ ማን አለኝ?

ቀድሪያ ግን ሁልጊዜ «ንገራት፣ የአባቷ ቤት እያለ ልጄ ለምን ግማሽ ዘመድ ይኖራታል?» ትለኛለች። አብዱልቃኒ ጋ የላክኩሽም ለዚህ ነው። እኔ መናገር ስላቃተኝ እግርሽ ወደ ዘመዶቿ እንዲሄድ ፈለግኩ። ፈሪ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ቀዮቹን ክቦች የሳለችው ሂዊ ናት። ጎማ አይደሉም። አንደኛው አንቺ ነሽ፤ ፀጉሩ ሹሩባሽ ነው። ፎቶሽን አሳይቻት «ይቺ የአባባ እማማ ናት» ብያት ነበር። አሁን የሥልጠና ጎማዎቹን ከሳይክሏ ላይ አንሥተንላት መንዳት እየተማረች ነው፤ እሷም ትወድቃለች። ማርሽ የለውም፣ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ነው። የቀረውን ማር ሙልጭ አድርጋ የጨረሰችው እሷ ናት።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አዲስ ነገር ይኸው ነው።

ልጅሽ ድረስ

ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሂዊ፤ ቀጥሎ ለእናቷ ለቀድሪያ፤ ወረቀት ከተረፈ ለድረስም፣

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቀንና ሌት ይወርዳል፤ እኛ ደህና ነን፤ እናንተን አምላክ ይጠብቃችሁ።

ድረስ፣ ሁለት ቀን አኮረፍሁ። አንተ ሩቅ ስለሆንህ ከብስክሌቱ ጋር ነው ያኮረፍሁት። በሦስተኛው ቀን አለቀስሁ፤ አምስት ልደቷ ሊሆን ነው፣ አንዱንም ዳቦ አልደፋሁላትም። ይህን አልረሳልህም፤ ስትመጣ ፊት ለፊት እቆጣሃለሁ፣ ከዚያ ይበቃል። እኔ ዝም የምልህ ስሞት ብቻ ነው። አንገቴንም አልደፋሁም፤ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አንገቱን ከደፋ ይወድቃል፣ ረሺዳን ጠይቃት።

አሁን ደግሞ እኔ ልናዘዝልህ። ማሩን በእውነት ተሳስቼ ነው። ፍሬኑን ግን አውቄ ነው። የአማርኛ አስተማሪ የጎማ ሥዕልና የልጅ እጅ ሳትለይ ሠላሳ ሦስት ዓመት የምታስተምር ይመስልሃል? እኔው በተማርሁት ቅኔ ላወጣጣህ ብዬ ነው። አንተ ግን ስለ ሳሕንና ላስቲክ ገጽ ሞልተህ ላክህልኝ። ጭድ ውስጥ የወደቅሁ ቀን ረሺዳ ያመለጣትም «ልክ እንደ ሂዊያችን!» የሚል ነበር።

አብዱልቃኒ ቤት ደብዳቤህን ይዤ ሄድሁ። እልፍኝ አስገቡኝ። እነሱም ሥጋ አላቀረቡም፣ እኔም ጠላ ይዤ አልሄድሁም፤ በዳቦና በሻይ ተስማማን። አብዱልቃኒ «ለዘመድ ዋጋ አይነገርም ስልዎ እኮ አላመኑኝም» አለኝ። ነጋዴ እውነት ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ፎቶዋንም አሳዩኝ። ግንባሯ የአባትህ ነው፣ አንተን ያለፈው ግንባር! ፎቶውን ካልሰጣችሁኝ ብዬ ተጣላሁና ወሰድሁት።

ቀድሪያ ልጄ፣ ግማሽ ዘመድ በእኛ ቤት አናውቅም።

ለአመተ ሥላሴ ሁለቱንም ነገር በአንድ ቀን ልንገራት ብዬ ቆረጥሁ። መጀመሪያ የልጅቱን ነገርኋት። መቁጠሪያዋን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ እስከ ማታ አልወጣችም። ስትወጣ «ፎቶ የለም?» ብቻ ነው ያለችኝ። አየችው፣ ሳመችው፣ ትራሷ ሥር አስገባችው፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ይህ በሰላም አለፈ ብዬ የብስክሌቱን ስነግራት ግን ቤቱ ተናወጠ። «በስድሳ ዓመትሽ! የመሪጌታ ልጅ! በአደባባይ!» አለች። ሲደክማት ተቀምጣ «ደግሞ ያላወቅሁ መስሎሽ ነው? ነጠላሽ ላይ ጭድ ስለቅም ነው የከረምሁት፤ ኪዳን የሚደረሰው አውድማ ላይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ራት ላይ «ከኋላው ሰው ይጭናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕቃ ብቻ ነው አልኋት። ቅር ያላት መሰለኝ።

አሁን በግልጽ እነዳለሁ። ትናንት ዝናቡ ጋብ ሲል ከቤት እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመለስሁ። አቀበቱ ሳይጀምር ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀየርሁ፣ ቁልቁለቱን ሁለቱንም ይዤ ቀስ ብዬ ወረድሁ። ጎማው ሲረጥብ ላስቲኩ ቶሎ እንደማይዝ አንተ አልነገርኸኝም፤ አንድ አህያ ነግሮኛል። አህያውም እኔም ደህና ነን።

የመስቀል ሰሞን ሦስታችሁም ኑ። የሂዊን ብስክሌት ይዛችሁ ኑ፣ ግጦሹ ሜዳ ላይ አብረን እንነዳለን፤ እሷ ትገፋኛለች፣ እኔ እገፋታለሁ፣ ሰዓት የሚቆጥርብን የለም። የሺዋስ ማር አስቀምጦላታል። ማሯ ስንት ይሁን? ይህኛው ቅኔ አይደለም፤ ኪሎውን ጻፍልኝ። ስምህ ድረስ ነው፣ እንግዲህ ድረስ።

በመንገድ ያየኝ ሁሉ ያስቆመኝና «በዚህ ዕድሜዎ ወድቀው ቢሞቱስ?» ይለኛል። ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያለኝ፤ ፍሬን ሳልይዝ አልወድቅም እላቸዋለሁ። ሰሙን ለእነሱ ሰጥቻለሁ፤ ወርቁን ይዘህልኝ ና።

እናትህ ማንጠግቦሽ